የድንጋይ ሽበት

እኔ መቃብር ቆፋሪ ነኝ፤ ስሜ ኢድዋል ይባላል፤
አርባ ዓመት አፈር የዛቀ ሰው ብዙ ነገር ያያል።
እንዲህ ያለች ሐዘንተኛ ግን አይቼም አላውቅም፤
ተንበርክካ አታለቅስም፣ አበባም አታስቀምጥም።
ዐሥራ ስድስት ቢሆናት ነው፤ የተማሪ ሹራብ ለብሳ፣
ከእያንዳንዱ ድንጋይ ፊት ጉልበቷን በጭቃ ለውሳ፣
በማስመሪያ ትለካለች፤ ትጽፋለች፤ ትነሣለች፤
ለሙታን ልብስ ልትሰፋ ልክ የምትወስድ ትመስላለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አካፋዬን ተደግፌ፣
«የማን ልጅ ነሽ? ማን ሞተብሽ?» አልኳት ባርኔጣዬን ገፍፌ።
«ማንም» አለች። «ሽበቱን ነው።»
                              «የምን ሽበት?»
                                              «የድንጋዩን።»
ጣቷን ሰዳ አሳየችኝ ቢጫ አረንጓዴ ክቡን፣
እንደ ካርታ የተሰነጠቀ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለውን፣
እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ቆሻሻ ነው ያልኩትን።

«ሕይወት አለው፤ ያድጋል፤ ግን በጣም ቀስ ብሎ፣
ባመት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም ተጠቃሎ።
መቃብር ደግሞ ቀን አለው፣ ተቀርጾ ተጽፎበት፤
ስፋቱን ከቀኑ ባጋጥም፣ ሰዓት አገኘሁ ማለት።»

ማን አዘዘሽ? ማንም። ለፈተና ይመጣል? አይመጣም።
ማርክስ አለው? የለውም። ታዲያ? ዝም።
ቆይታ፣ ቆይታ፣ በእጇ ወደ ተራራው ጠቁማ፣
«ያንን የፈረሰ ጎጆ መቼ እንደሠሩት ማን ሰማ?
መጽሐፉ አያውቅም፤ ጠይቄያለሁ፤ ቄሱም አያውቁም፤
አንድ ሰው ማወቅ የለበትም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።
«እኔም አላውቀውም» ብላ ኔስታ፣ የፊዚክስ መምህሯ፣
አጉሊ መነጽር አዋሰቻት፤ ያ ነበር ትልቁ ምክሯ።

የዌልስ ተራራ ሰሌዳ ነው፤ ፈልጠን ፈልጠን፣
ለስንቱ አገር ተማሪ መጻፊያ በመርከብ ልከን፣
እኛ ለጣሪያና ለመቃብር የቀረውን ወሰድን።
አያቴ ሳንባው በአቧራው አለቀ፤
ሰሌዳ ሲፈልጥ ኖሮ፣ ስሙን መጻፍ ሳይማር ወደቀ።

ጥር ላይ ደብተሯን ገለጠች፤ መቶ ዐሥራ ሁለት ነጥብ፣
ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚተም እንደ ጉንዳን ሕዝብ።
አንዷ ብቻ ከሰልፉ ወጥታ፣ ቁልቁል ወርዳ፣
ለብቻዋ ተቀምጣለች፣ እንደ ተቀየመች እንግዳ።
«ይቺ ድንጋይ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆማለች፤
ሽበቷ ግን የሕፃን ነው፤ ለምን ይሆን?» ትላለች።
«ብሰርዛት ኖሮ መሥመሬ ቀጥ ይልልኝ ነበር፤
ግን ሌሊት የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት» ስትል ሄለድ፣ ስትናገር፣
አካፋዬን መሬት ወጋሁ።

የቤተሰቤ ድንጋይ ናት። ከአናቷ ቅድመ አያቴ፣
ከሥሩ አያቴ፣ ከግርጌ በትናንሽ ፊደል እናቴ፣
ከሷም በታች አንድ ስም የሚበቃው ባዶ ቦታ።
በየፋሲካው ዋዜማ፣ ከጧት እስከ ማታ፣
በሽቦ ብሩሽ ፈተግኳት፤ ክብር መስሎኝ፣ ንጽሕና፤
ለካስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሰዓቷን ሳቆም ኖሬያለሁና።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ነጥቧ እኔ ነኝ።»
የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሣቀችና አቀፈችኝ።
ከዚያ ጻፈች፦ «ቁጥር ሰባ ሦስት። በብሩሽ ተፈትጓል።
ምንጭ፦ የመቃብሩ ጠባቂ፣ አቶ ኢድዋል።»
ስሜ ከደሞዝ ወረቀት ውጭ ሲጻፍ ያየሁት ያን ለት ነው።

በግንቦት ተራራውን ወጣን፤ ጉልበቴ እያቃሰተ።
ጎጆውን የግዙፎች ሥራ ነው ይል ነበር የሞተ የሞተ፤
እሷ ለካች፣ ደመረች፣ ከደብተሯ ጋር ተሟገተች፤
«ሁለት መቶ ዓመት፤ ምናልባት» አለች።
ተማረ የተባለ ሰው «ምናልባት» ሲል
እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ሥራዋን ለዩኒቨርሲቲ ላከች፤ መልስ መጣ በስንት ጊዜ፤
ሽልማት የለውም፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ፤ ከፖስታው ጋር ይዞ ትካዜ
የመጣ መስሎኝ ሳያት፣ ዘለለች! «አንብበውታል!» ብላ፤
ሦስቱን ጥያቄ እንደ ከረሜላ በኪሷ ሞልታ።

ዘንድሮ ፋሲካ ብሩሹን ከምስማሩ አላወረድኩም።
ከድንጋዬ ፊት ተንበረከኩ፤ ቶሎም አልተነሣሁም።
ከእናቴ ስም አጠገብ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች፤
በማስመሪያ ስለካት ከሰናፍጭ ፍሬ ታንሳለች።
ወደ ባዶው ቦታ ስትደርስ እኔ አላያትም።
ቀኑን ግን ጽፌያለሁ።