ይበልጣል እና ምንይችል

ከወፍጮ ቤት በላይ ክፍል ተከራየሁ፣
በወር ሦስት ሺህ ብር ዱቄት እለብሳለሁ፤
የሰው ሰርግ እቆርጣለሁ፣ የሰው ሰርግ እሰፋለሁ፤
ሙሽራ ሲስቅ አይቼ ብቻዬን አድራለሁ።

ሰኔ ሲገባ ግን ማሽኔ ደከመ፣
ስክሪኑ ቀልቶ ቀልቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።
ሁለት ወዳጆቼ መጡ በዚህ ወሬ፣
አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከዚሁ ከቡሬ።

የማርቆሱ ይበልጣል፣ ካርዱ አዲስ ነው፣
ላስቲኩ ያልተነሳ፣ ሦስት ፋን ያለው፤
አሥራ ሁለት ጊጋ ሜሞሪው ብቻውን፣
ዋጋውን ሲነግረኝ ረሳሁት ስሜን።

የቡሬው ምንይችል በፌስታል ጠቅልሎ፣
ፋኑ አንድ ክንፍ ጎድሎት፣ አቧራውን አዝሎ፤
"ጌም ቤት ነበር" ይላል፣ "አምስት ዓመት ሠርቷል፣
ልጆች ሲራገሙት፣ ሲመቱት ችሎታል።"

ስማቸውን ሳስበው ሳቄ አመለጠኝ፣
ሳልፈትን ውጤቱ የተነገረኝ መሰለኝ፤
ይበልጣል ካለ አባቱ፣ ማን ይከራከራል?
ምንይችል ካለች እናቱ፣ ምን ይችላል ይባላል?

አጎቴ በሬ ሲገዛ ጥርስ ይቆጥር ነበር፣
ጅራት ይስብ ነበር፣ ትከሻ ይዳብስ ነበር፤
እኔ በምን ልፈትን? ጥርስ የለው፣ ጅራት የለው፣
የዓለምወርቅን ሰርግ ጫንኩት ለሁለቱም ያው።

በካርቶኑ ክዳን መስመር አሰመርኩ፣
በግራ ምንይችል፣ በቀኝ ይበልጣል አልኩ።
ይበልጣል ጨረሰ፦ ዘጠኝ ደቂቃ ካንድ ሰኮንድ፣
ሙቀቱ ስልሳ ሦስት፣ ኮሽታ የለው አንድ።
ምንይችል አርባ ስድስት ደቂቃ አቃሰተ፣
ሰማንያ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ።
ይበልጣል ኪሱን ዳሰሰ፣ ብሩ የገባ መስሎት፤
ምንይችል ፌስታሉን ፈታ፣ ሊመለስ ካርዱን ከቶት።

ያኔ ወይዘሮ ስመኝ ከታች ወፍጮውን አስነሳች፣
አምፖሌ እንደ ሽማግሌ ዓይን ጭል ጭል ማለት ጀመረች፣
አዲሱ ካርድ ድርግም! ማሽኑም አብሮ ጠፋ፣
ሁለቴ ደገምነው፣ ሁለቴ ተደፋ።
አሮጌው ግን በዚያች በደከመች መብራት፣
እያዘገመ ወጣ የለመደውን ዳገት።
"በሬ ሆይ፣" አለ ምንይችል፣ ሳቁን በጋቢው ቀብሮ፤
ይበልጣል መብራት ኃይልን ረገመ አምርሮ።

የሙሽራዋ አክስት በዚህ መሃል ገባች፣
ትርንጎ ናት፣ ወንድሟን ዘንድሮ የቀበረች።
"ሰርጉ ላይ ጨፍሮ ነበር፣ አየሽው ወይ ልጄ?
ቀስ አርጊልኝማ፣ አይሩጥብኝ ከእጄ።"

ከጠዋት ጀምሮ ፍጥነት ስንለካ፣
ቀስ በይ የሚል ሰው ይመጣል ለካ!

ወፍጮው እስኪዘጋ ጠብቄ፣ አዲሱን ሰካሁት፣
"አንዷን እርምጃ በአሥር ክፈላት" አልኩት።
በሁለት ምስል መሃል ያልነበረ ምስል
ፈልስሞ ሞላበት፣ ልክ እንደ ሐር ፈትል።
ሟቹ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ትከሻው ሳይናጥ፣
እርምጃው ለስልሶ፣ ቅቤ ላይ ሲያሟልጥ።
ትርንጎ አየች፣ አየች፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣
"ይሄ ማነው?" አለች፣ ሳይመጣላት እንባ።
"ወንድሜ አንካሳ ነው፣ ግራ እግሩን ይስባል፣
ደጀን ላይ ከአይሱዙ ከወደቀ ዘመን ሆኖታል።"

አሮጌውን መለስኩ፣ ያው ነው ምንይችል፣
ያላየውን ምስል ፈጥሮ መስጠት የማይችል፤
ቆም አለ፣ ዘለለ፣ ቆም አለ፣ ዘለለ፣
ሟቹ በየመሃሉ ጠፍቶ ብቅ እያለ፣
ግራ እግሩን ጎትቶ ከሰው መሃል ወጣ፤
ያን ጊዜ የትርንጎ እጅ ስክሪኑ ድረስ መጣ።

ከዚያ ምንም አላልንም።

ካርቶኑ ዛሬም አለ ከግድግዳው ተለጥፎ፣
በቀኙ ብዙ ቁጥር፣ በግራው ጥቂት ተጽፎ፤
ጥር ላይ ሰባት ሰርግ አለብኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣
በዱቤ ገዛሁት አዲሱን፤ ዕዳው ይበልጣል።
አሮጌውን ምንይችል ሊወስደው ሲነሳ፣
"እዚሁ ተወው" አልኩት፣ ዋጋውን ሳላነሳ።
መሳቢያ ውስጥ ነው አሁን፣ ዱቄት እየለበሰ፣
ፋኑ ክንፍ እንደጎደለው፣ እንዳነከሰ።