ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

ሱቫ ወደብ ዳር ላይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣
ሴሬይማ ቆጠረች የመርከቧን ጣጣ።
የመንግሥት ናት እሷ፤ ዱቄት፣ አስተማሪ፣
ሬሳም ጭና 'ምትሄድ፣ የደሴቶች ጧሪ።

አንድ፦ የፓምፕ ጓርኒሲዮን። ሁለት፦ ዚንክ፣ ሃያ ፍሬ።
ሦስት፦ ክሬን፣ በቀን ኪራይ፣ ነገ የሚብስ ከዛሬ።
አሥራ ስምንት፦ ነጭ ቀለም፣ አርባ ጣሳ፤
ይኼ ሁሌም ይፈቀዳል፣ ከሩቅ ስለሚታይ።
ድምሩን ጻፈች። ሁለቴ አሰመረችበት።

ሽማግሌው ቪሊኬሳ ትንሽ መዶሻ ይዞ መጣ፣
ሠላሳ ዓመት በዚህች መርከብ ገመድ ሲስብ ያረጀ።
ጎኗን መታ፦ ቅንን።
ፈቀቅ ብሎ መታ፦ ቅንን።
ከውሃው መስመር አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፦
ዱብ።
እንደ እርጥብ ካርቶን።

«እዚህ ጋ ላሜራው ከደብዳቤሽ አይወፍርም» አላት።
«በጀቱ ተዘግቷል» አለችው።
«ባሕሩስ?»

ከድርብ መስመሩ በታች እስክሪብቶዋ ወረደ፤
ነጩ ቀለም የሸሸገውን ሰማያዊው ሊናገር፦
አሥራ ዘጠኝ፦ ላሜራ፣ ሁለት ሜትር በሦስት፣
ብየዳ፣ የሌሊት አበል ለአራት ሰው።
ዋጋው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።
መዶሻውን ተቀበለችው፣
ራሷ መታች።

ዱብ።