ሎት አሥራ ሰባት

ዐሥር ሰዓት አለን፣ ከበረራ በረራ፤
"ሻንጣው ይጠብቀን፣ እንውጣ" አልኩና ከልጆቼ ጋራ
ሻምሱልን ጎተትኩት፣ እንቅልፍ የናፈቀውን፣
አራት ፓስፖርት በደረቱ አቅፎ የሚያድረውን።
ከዳካ ስንነሣ ጫማው የጠበበው ኢሽራቅ እያነከሰ፣
ባቡሩ በዘንባባው እርሻ ሽው እያለ ኳላ ላምፑር ደረሰ።

ሰው ሁሉ አንጋጦ ነው እዚህ የሚራመደው፤
መንትያው ማማ ሥር ፎቶ ነው የሚወደው።
ራይሳ በጀርባዋ ተኝታ አስፋልቱን
በስልክ ልትከት ሞከረች ያን ሁሉ ቁመቱን።
"እማዬ፣ አልገባም አለ! ጫፉ ይቆረጣል!"
ይቆረጣል የኔ ልጅ፤ ከረጅም ነገር ሁሌ አንድ ነገር ይቀራል።

እኔ ግን የወጣሁት ሌላ ማማ ፍለጋ ነው፣
ስሙን የማላውቀው፣
ወንድሜ ሩከል ስድስት ዓመት ሲሚንቶ የተሸከመለት፣
በሚቆራረጥ ስልክ፣ በዝናብ በነፋስ፣
"ሎት አሥራ ሰባት" እያለ ያወራልን፣ ጉልበቱ እስኪልፈሰፈስ።

ሎት አሥራ ሰባት የለም።
ካርታው አያውቀውም፣ ታክሲ ነጂው ሃምዳንም አልሰማም።
"እመቤት፣ ቁጥር የሚኖረው ሳይገነባ ነው፤
ሲያልቅ ስም ይሰጡታል። ቁጥሩን ማን ያስታውሰው?"

ስለዚህ በእግር ሆነ።
ሞኖሬሉ ከራሳችን በላይ እንደ አባጨጓሬ እየሄደ፣
ሻምሱል ሰዓቱን እያየ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ።
ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ዝናብ እንኳ አይባልም፣
ባልዲ የገለበጡት ነው፣ ለመጠለል ጊዜ አይሰጥም።
ሮጠን ከታዛ ገባን፣ ሮቲ ከሚጠፈጠፍበት፣
አንድ ሰው ሻይ ከጣሳ ጣሳ እየሳበ ከሚቀዳበት።
ኢሽራቅ ማንከሱን ረሳ።
አንድ ክንድ ሙሉ ሻይ በአየር ላይ ሲሄድ ያየ ልጅ
ምን ጫማ ይገደዋል?

ያኔ ለሩከል ደወልኩ። ሲልሄት ነው፣ ከደጁ ተቀምጧል።
"ምን ይታይሻል?" "ዝናብ።" ሳቀ፤ "እሱማ ያውቀኛል።
ሲያባራ ሂጂ፣ ሁለቱ ወንዞች ወደሚገናኙበት፤
ጀርባሽን ለመስጊዱ ስጪና ቁጠሪ ከቆምሽበት፣
አምስተኛው ነው። አረንጓዴ መስታወት የለበሰ።"

እንዳለው አደረግን። ወንዙ ጭቃ ነው፤
የከተማው ስም ራሱ ከዚያው ከጭቃው የተቀዳ፣
መስታወቱ ግን ደለል ነክቶት የማያውቅ፣ ንጹሕ፣ እንደ ባዳ።

አምስተኛው አሁን ባንክ ነው። በሩ ለመጣ ሁሉ በራሱ ይከፈታል፤
ከበሩ ኋላ ግን ጥበቃው ይቆማል።
"ኬሻብ" ይላል ደረቱ ላይ። የኔፓል ሰው ነው፤
ከፊልም በለቀምናት ሂንዲ ተግባባን።
"ሠላሳ አንደኛው ፎቅ፣ በደረጃው በኩል፣ ከእብነ በረዱ ሥር
ወንድሜ ስሙን በምስማር ጽፏል፣ ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ" አልኩት።
አልሳቀም። ካርድ የሌለው አይወጣም፤ ካሜራውን በአገጩ አሳየኝ።
ቆየና "የኔም ወንድም" አለ፤ "ዶሃ።" ሌላ አልጨመረልኝ።

ወደ ጎን ወሰደን፣ የቆሻሻ መኪና ወደሚገባበት፣
መስታወት ወዳልደረሰው፣ ኮንክሪቱ ራቁቱን ወደቆመበት።
"ይኸም እሱው ነው።"
ራይሳ መዳፏን ጫነች። ኢሽራቅ ጉንጩን።
ሻምሱል ከዳካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ
ከፓስፖርቶቹ ላይ እጁን አነሣ።
ግድግዳው ይሞቅ ነበር፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሳያበርደው።

"እንዴት ነው?" አለ ሩከል በስልኩ፤ "ያ አጎንብሼ ያሳደግኩት?"
"ቆሟል" አልኩት።
"ቀጥ ብሎ?"
"ቀጥ ብሎ።"
"እንግዲያ ጉልበቴ እሱ ጋ ነው" አለና ዘጋው።