የፍራውኬ ጭነት

በዴልፍዛይል ወደብ፣ ጭቃው ጨው በሚሸት፣
ዬልቶ መርከብ ገዛ፣ ከፊሉን በብድር፣ ከፊሉን በጥሪት፤
ስሟን በሚስቱ ስም በነጭ ቀለም ጻፈ፤
«አንዷ ታበላኛለች፣ አንዷ ትቆጣኛለች»
እያለ ሲቀልድ ስንት ክረምት አለፈ።

ድንች ትጭናለች፣ የድንች ዱቄት፣ ጡብ፣
ከሪጋ ጣውላ፣ ከበርገን የዓሣ ዘይት፣ አንዴም የሰርከስ ድብ፤
ባሕር አጥወልውሎት ድቡ ሲያቃስት፣
ዬልቶ ብርድ ልብሱን አለበሰው አሉ፣ ለአንድ ሌሊት።

ከዚያ ወረቀት መጣ፣ ማኅተም ያለበት፦
«ከዛሬ ጀምሮ መርከቢቱ የመንግሥት።»
ነጩን ስም ሸፈኑት በግራጫ ቀለም፤
አርባ ሰባት ሆነች፤ ከእንግዲህ ስም የላትም።
ከወገቧ ዙሪያ የመዳብ መቀነት አስታጠቋት፣
ከታች ያደፈጠው፣ ብረት የሚያሸት ፈንጂ እንዳያውቃት።
ሆዷንስ? ሆዷንማ በባዶ በርሜል ሞሉት፣ ጥርቅም አድርገው፤
ብትቀደድ እንኳ እንዳትሰጥም ብለው፣ አየር ጭነው።
የጭነት መዝገቡን የሚሞላው ኦኖ
ጻፈ፦ «ጭነት፦ ባዶ። ክብደት፦ አላውቀውም።»
ግራ ገብቶት፣ እንደ ልጅ ሆኖ።

ጠዋት ጠዋት ወጡ፣ እንደ ቤት ጠራጊ፤
መጥረጊያው ሽቦ ነው፣ ቤቱ በር የለውም፣ ጉድፉም ተዋጊ።
ቀንዳም ጥቁር ኳስ፣ ገመዱ ሲበጠስ፣ ብቅ ይላል ከማዕበል፤
በጠመንጃ ሲመቱት ውኃው እንደ ግንብ ይቆማል፣ ዓሣ ይዘንባል።
«ምሳ ከሰማይ ወረደ!» ይላል ወጥ ሠሪው ዊርት፤
ሳቁ ግን ከጉሮሮው አይዘልም፣
እጁም ይንቀጠቀጣል ሲከትፍ ሽንኩርት።
ሰንደቁ ሁለቴ ተለወጠ፤ ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤
የሚጠርግ ሰው ለማን እንደሚጠርግ ጠያቂም የለው።

አንድ ነገር ተማሩ፦ ተረከዝ አይተከልም፤
ጉልበት እጥፍ ይበል፤ ፍንዳታ ከታች ሲመጣ
ቀጥ ያለ እግር አይተርፍም።
ሸብረክ ብሎ መብላት፣ ሸብረክ ብሎ ማጨስ፣
ሸብረክ ብሎ መሳቅ፤ ደግሞም፣ ሌሊት፣ ማልቀስ።

ዐሥራ አንድ ጠረጉ።
ዐሥራ ሁለተኛው ጠረጋቸው።

ኋላዋ ተገምሶ ማድ ቤቱ ተበተነ በቅጽበት፤
ዊርትን ሲፈልጉ ድስቱን አገኙት፣ ክዳኑ ሳይከፈት።
እሷ ግን አልሰጠመችም።
ባዶው ተሸከማት። በርሜል ሙሉ ምንም
ይዟት ወደብ ገባ።
ኦኖ በዚያ ሌሊት «ክብደት» ከሚለው ረድፍ ሥር
ጻፈ፦ «አንድ ሰው።»

ሰላም ተፈረመ፤ ፈንጂ ግን ፊርማ አያነብም፤
ከደወሉም ወዲህ ሁለት ዓመት ጠረጉ፤ አልተሸለሙም።
ስትመለስ ፍራውኬ፣ ሴትዮዋ፣ ብሩሽ ይዛ መጣች፤
ግራጫውን ፍቃ ፍቃ ከሥሩ ስሟን አገኘች።
«አርጅቻለሁ» አለች። ዬልቶ ዝም።
መርከቧም እንደ ድሮው ድንቿን ጫነች፤
ያየችውን ሁሉ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ከነዱቄቱ ዘጋች።

እሁድ፣ በጡቡ ቤተ ክርስቲያን፣ መዝሙር ተነሥቶ
ሰዉ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣
የሽማግሌው የኦኖ ጉልበት እጥፍ ይላል፤
ተረከዙ ድንጋዩን አይነካም።
«ምን ያለ ትሑት ሰው!» ይላሉ ከኋላው ያሉት፤
እሱ ወለሉን እያዳመጠ ነው፣
ከሥሩ ያለውን ጥልቀት።