የዝናብ ደንበኞች

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ሁለት በሦስት ቆርቆሮ፣
አንድ የእናቴ ሲንጀር፣ ቁራጭ በማዳበሪያ ታስሮ፤
ኮት እገለብጣለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣
የተማሪ ሱሪ ጉልበቱን እጥፋለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን
ጦሳ ጉም ለበሰ፣ ጨለመ በቀትር፣
በረዶ ወረደ፣ ጣራው ላይ ሲነጥር።
መንገደኛው ሁሉ እኔው ዘንድ ገባ፦
አንድ የኩታበር ሰው፣ ሽንኩርቱን እንዳዘለ፣ በእርጥብ ካባ፣
ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣
ዶሮ ያቀፈች ሴት፣ ጥላቸው የተሰበረ ሐጂ።
እኔ አልቆጠርኋቸውም።
የቆጠራቸው ሰው ማዶ ቆሞ ነበር፣
አቶ እሸቴ ይባላል፣ የገቢዎች ደብተር
በብብቱ ይዞ፣ ከጃንጥላው ሥር።
"በቀን ዐሥራ አራት ሰው" ብሎ አሰፈረልኝ፣
ዝናቡን ደንበኛ አድርጎ ቆጠረልኝ።

ሐምሌ ሲገባ ተጠራሁ፤ "ቁርጥ ግብር" ይላል ወረቀቱ።
ቁርጤን አወቅሁ።
ዕድሜዬን በመቀስ ስቆርጥ፣ ስሰፋ
አላየሁም እንዲህ ያለ ቁርጥ፣ ልኩ የጠፋ።
"ጌቶቼ፣" አልሁ፣ "ያኔ የገባው ዝናብ ነው።"
"ዝናብስ ከሆነ፣ ማስረጃሽ የት ነው?"

"አብሽሪ" አለች እህቴ ጦይባ፣ "ለምነሽ ከፋፍለሽ ክፈይ፤
እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄድ የለም ወይ?"
የእኔ እንቁላል ግን ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ነበረበት፣
በየወሩ፣ ወር በገባ በአምስት፣ ቢዘገይ ከነቅጣት።
ሩቡን ያኔውኑ፣ የቀረውን በስድስት ወር፣
ፈረምሁ።

ነሐሴ የዩኒፎርም ወር ነው፤ ከፈልሁ።
መስከረም ከፈልሁ።
ጥቅምት ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፣ ሱሪው ቢቀደድስ ማን ያያል?
ካውያዬን ሸጥሁት ለጎረቤቴ ለይመር፣
ጧት ጧት ደግሞ ያንኑ ካውያ ስበደር።
ገንዘብ ያዧ ልጅ፣ ጥፍሯ ቀይ፣ "ደረሰኝ ልቁረጥልሽ?" ስትለኝ
በሆዴ ሣቅሁ፦ እሷም ልብስ ሰፊ መሰለችኝ፤
እሷ ትቆርጣለች፣
እኔ እሰፋለሁ።

አንድ ነገር ልናገር፣ ጦይባ ሳትሰማ።
በዚያው በነሐሴ፣ ዝናቡ ሲያገሳ፣
በሬን ዘጋሁባቸው።
በሚስማር ቀዳዳ አየሁ፤ ሐጂው ነበሩ፣
ያችው የተሰበረች ጥላ በእጃቸው።
አላንኳኩም። በሩን ተደግፈው ቆሙ፣ ጀርባቸው
ቆርቆሮውን ሲያሞቀው በዚህ በኩል ተሰማኝ።
ከዚያ ወዲህ አልዘጋሁም። ግን ራስ ራሱን ስቆጥር እገኛለሁ፣
"አንተ ሃያ ብር፣ አንቺ ሠላሳ" እላለሁ።

ጥር በገባ በአምስት የመጨረሻውን ከፈልሁ።
ሰባቱን ደረሰኝ በክር ሰፋኋቸው፣
ከሲንጀሩ መሳቢያ ውስጥ አስተኛኋቸው።

ሚያዝያ ዞሮ መጣ፤ ጦሳም ጉሙን ደረበ፤
መንገደኛው ሮጠ፣ ሱቄ ተጣበበ።
ከሁሉ ኋላ አንድ ሰው፣ ጃንጥላው በነፋስ ተገልብጦ፣
አቶ እሸቴ፣ ደብተሩን ጉያው ውስጥ ሸጉጦ።
"ይሰፋል" አልሁት ጥላውን ተቀብዬ፣
"ሂሳቡም በየወሩ ይከፈላል።"
አልሣቀም።
ዓይኑ በሰዉ ላይ ዞረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ... ዐሥራ ሦስት፣
ራሱ ላይ ሲደርስ ቆመ።