ሁለት ቆጣሪ

የማስረሻን የሒሳብ ደብተር ከኋላው ገልጬ፣
ስፌት መኪናዬ ሥር መሬት ተቀምጬ፣
አንዱን ገጽ ለሁለት በመስመር ከፍዬ፣
«እንየው» ብዬ ግራ፣ «ፈንታነሽ» ቀኝ ብዬ።

ለአምፖል ስልሳ ስልሳ፤ ሦስት አምፖል ነው ያለኝ፣
ለካውያው ሁለት መቶ፤ ጋሽ እንየው የጫነኝ፣
ብተኩስ ባልተኩስ፣ ጨርቅ ቢኖር ባይኖር፣
በወር መጨረሻ አንድ ነው የሱ ቁጥር።
ቴሌቪዥን አምሳ፤ ድምሩ አራት መቶ
ሠላሳ ብር፤ ከዚህ አይወርድም ተጎትቶ።

ፈንታነሽ ባለ ካርድ ቆጣሪ አስገባች ዘንድሮ፣
አጥሯን ተደግፋ ጠራችኝ ከጓሮ፦
«ትንሽዬ ቆጣሪ እሰቅልልሻለሁ፣
የበላሽውን ብቻ አስከፍልሻለሁ።»
ስደምር በሷ ዋጋ ሁለት መቶ አይሞላም፣
ሦስቴ ደጋገምኩት፣ ቁጥሩ አልተዛባም።
በአራት ወር ልዩነት የማስረሻ ጫማ፣
አውራ ጣቱ ወጥቶ ሳይጎበኝ ከተማ።

አለቀ፣ ተቆረጠ፤ እስክሪብቶውን ከደንኩት፣
ግን ከግራው ዓምድ ሥር ባዶ ቦታ አየሁት።

ምን ብዬ ልጻፈው?
የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ያ ክረምት፣ ያንን ሌት፣
ማስረሻን ስወልድ በኩራዝ፣ በዚህ ቤት፣
መሰላል ተሸክሞ በዝናብ በጭቃ፣
ጥዱ ላይ ገመዱን ጠምጥሞ ሲያበቃ፣
አምፖሉ ቦግ ሲል፣ እርጥቡን ባርኔጣ አውልቆ ከበር፣
«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ይኸው ሰው ነው ደሞ
ሰዓቱ ሦስት ሲል ማብሪያዬን የሚያጠፋው፣
«ካውያ ንቀይ!» ብሎ ግድግዳ የሚገፋው፣
የሙሽራ ቬሎ በእጄ ላይ እንዳለ
ጨለማ የለቀቀብኝ፣ «አምሽተሻል» እያለ።
ሰፈሩ እንደሚለው የግፊት ኪኒኑን
የሚገዛው በኔ ብር ነው፤ ማን ያውቃል እውነት መሆኑን።
ፈንታነሽም ሰው ናት፤ ነገ ዋጋ ብትጨምርስ?
ካርዱ ሌሊት ቢያልቅ በሯን ማን ያንኳኳልስ?
ይህ በየትኛው ዓምድ፣ ያኛው በየትኛው?
አንድ ቁጥር የለውም ሁለቱን የሚዳኛው።

ሲነጋ ሄድኩበት።
በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣
ከሳሙና በር ማዶ ደመናው ተስቦ።
አፌን ሳልከፍተው፦
«ሰምቻለሁ» አለኝ፣ «ሂጂ፣ አትፍሪ ልጄ፣
እኔም ብሆን እሄዳለሁ ብር ሲያጥር ከእጄ።
ገመዱ ግን የኔ ነው፤ ሃያ ሁለት ሜትር፣
ጠቅልለሽ መልሺልኝ፣ እንዳታስቀሪ ክር።»
ቢሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበረ፣
ሃያ ሁለት ሜትር ልቤ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ ማምሻውን ፒንሳ ተውሼ፣
መሰላሉን ወጣሁ የወንድሜን ሱሪ ለብሼ።
ጋሽ እንየው ቆጣሪውን አጥፍቷል፣ «እንዳትሞቺብኝ» ብሎ።
ፈንታነሽ ከታች «ቀስ!» ትላለች፤ እሱ ዝም።
እጄን ወደ ግንዱ ሰድጄ ብዳብስ፣ ገመዱ የለም።
የለም ሳይሆን፣ ዛፉ ውጦታል፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጡን ደርቦበታል፤
በዚህ በኩል ይገባል፣ በዚያ በኩል ይወጣል፣
መሐሉ ሥጋ ሆኗል።

ወይ ጥዱን ልቁረጠው፣ ወይ ገመዱን ልበጥስ፣
ወይ ሃያ ሁለቱን አጉድዬ ልመልስ?
ፒንሳውን እንደከፈትኩ፣
ከሳሙና በር ጀምሮ እስከ ቀሀ ወዲያ፣
ድርግም አለ ሁሉም፤ ሱቁ፣ ወፍጮው፣ ማደያ።
ሁለቱም ቆጣሪ እኩል አጣ ትንፋሽ።
«መሰላሉን ያዙ!» ብል፣ «ይዣለሁ» አለችኝ ፈንታነሽ፤
«ይዣለሁ» አለ ደግሞ ጋሽ
እንየው፣ ከወዲያኛው እግሩ።
ደረጃ በደረጃ በእግሬ እየዳበስኩ፣
ፒንሳውን በጥርሴ ነክሼ ወረድኩ።

ማስረሻ በማግስቱ የቤት ሥራ ሲሠራ፣
ከኋላ ያን ገጽ አግኝቶ ተጣራ፦
«እማ፣ የግራው ሒሳብ አላለቀም፤ ልጨርሰው?»
«ተወው።»
አውራ ጣቱን አየሁ። ካውያዬን ሰካሁት።
አምፖሉ ፈዘዘ።
«ንቀይ!» ስጠባበቅ፣ ሳል ብቻ ሰማሁት።