ያለ ኖራ ኖራ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከመንገዱ በታች፣
የስፌት ማሽኖች የምጠግንባት ሱቅ አለች።
ቀበቶ፣ መርፌ፣ ዘይት፣ የተፈታ መዘውር፣
በእነሱ መካከል አንድ የመስታወት ባሕር፤
ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር፣ ጥልቀቱ ክንድ ያህል፤
ደንበኛ ሲገባ «ቴሌቪዥን ነው?» ይላል፣
«አዎ» እላለሁ እኔ፣ «ድምፁ ብቻ ጠፍቷል።»

ሣሩን ያመጣው አወል ነው፣ የሐይቁ ባለታንኳ፣
በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ እንደ ሪባን የሚረዝም።
«ትከለው» አለኝ፣ «ምንም አይፈልግም፣
እኛ ጋ ማንም ሰው ውሃ አያጠጣውም።»
ተከልሁት፤ ሰነበተ፤ ቅጠሉ ዘለቀ፣
ጫፉ ከላይ ደርሶ መብራቱን ጠየቀ።

ክፋቱ ማንበቤ።
ክር ከተጠቀለለበት አንድ ቁራጭ ወረቀት፣
«ተክል የሚወደው ለስላሳ ውሃ ነው፣
ፒኤቹ ስድስት ተኩል» የሚል አገኘሁበት።

የእኔስ ውሃ? ማንቆርቆሪያዬን ገልብጬ አየሁት፣
ታቹ ነጭ ቅርፊት ነው፤ በጥፍሬ ፋቅሁት።
የጦሳ ድንጋይ ነው፣ ሟሙቶ የወረደ፣
ሳሙና ሲያሹበት አረፋ ያልወለደ።

ጦይባን ለመንኋት፣ ከጤና ጣቢያው ላብራቶሪ፣
የሰው ደም መርማሪ፣ ጠብታ ቆጣሪ።
ብልቃጥ ይዛ መጣች፣ በምሳ ሰዓቷ፣
ውሃዬን ሰማያዊ አደረገችው በቀጭን መስታወቷ።
«አንድ... ሁለት...» ከንፈሯ ሲቆጥር እያየሁ፣
እኔ ጠብታውን ትቼ ሌላ ነገር ቆጠርሁ።
አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ቢጫ ሆነ ውሃው።
«አሥራ አንድ» አለች፣ «ድንጋይህ ይኸው ነው፤
ፒኤቹም ስምንት። ደህና ነው፣ አትነካካው።»

አልሰማኋትም።

ነሐሴ ነበርና፣ ከቆርቆሮው ሥር በርሜል ደቅኜ፣
የደሴን ዝናብ እንደ ጠበል ለምኜ፣
ግማሹን ደፋሁት፣ በዝናብ ሞላሁ፣
ያም አልወርድ ቢለኝ ሎሚ ጨመቅሁ።
ማታ ስድስት ተኩል። ደስ ብሎኝ ቆለፍሁ።
ጠዋት ተመልሷል። ደግሜ ጨመቅሁ።
ዘጠኝ ቀን ታገልን፣ እኔና ያ ድንጋይ፤
ዘጠኝ ቀን ዝም ብሎ ተበላ፣ አልጮኸም፣ አይታይ።
በአሥረኛው ብመጣ ምሰሶው ተሰብሮ፣
ቁጥሩ አዝዋ ገደል ወርዷል ተወርውሮ።
ሦስት ዓሦች ከላይ፣ አፋቸውን ከፍተው፤
ሪባኑም ረግቧል፣ የራሰ ወረቀት ነው።

ጦይባ ደግማ መጣች። አልተቆጣችኝም።
አንድ ጠብታ ጣለች። ቢጫ።
ሁለተኛ አላስፈለጋትም።
«አየኸው?» አለችኝ፣ «ኮምጣጣ ሲመጣ የሚመክተው ማን ነበር?
ቁጥሩን የያዘልህ ያ የጠላኸው ቅርፊት ነበር።
ሐይቅ ያደገ ሣር
ትንፋሹን ከድንጋይ መምዘዝ የለመደ፣
ያንተ ርኅራኄ ያንኑ ወሰደ።»
ከዚያ ጋዋኗን አንስታ፣ ከበሩ ስትደርስ ዞር አለች፤
«ያለ ኖራ ኖራ የምታውቅ ነፍስ አለች?»
ስንኝ ትሁን ተግሣጽ ሳትነግረኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ቀስ አልሁ።
በቀን አንድ ጆግ ብቻ፣ የቧንቧውን፣ አሳድሬ፣
የእንቁላል ቅርፊት በናይለን ጨርቅ ቋጥሬ።
መስከረም አለፈ። ሁለት ዓሦች ተረፉ።
ሣሩን ሞተ ብዬ ልነቅለው ስል ጥቅምት ላይ
ከጠጠሩ መሃል ብቅ አለ ጫፉ፤
የጥፍር ያህል አረንጓዴ።

አሁን ከዕዳ ዝርዝሩ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ በጠመኔ፣
ሰባት ጠብታ፣ ሰባት ጠብታ፣ ሰባት ይላል ቁጥሬ።
ማንቆርቆሪያዬን አልፍቅም፤ ቅርፊቱ ይወፍር።
ጦይባ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ ልትቆጥር፤
ወንበር እጠርግላታለሁ፣ መስታወቷን አጥባለሁ፤
ውሃው ከረጋ ሁለት ወር ሆነው፣
አልነገርኋትም።